ዝንብና ትንኝ በጓሮ ዶሮ ቤት ዙሪያ

ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ሲከፍቱ ፊትዎ ላይ ግር ብሎ የሚነሳው ዝንብ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በፊት እንቁላል ነበር። ማታ ጆሮዎ ሥር የምትጮኸው ትንኝም እንደዚሁ። ስለ ሁለቱ ብዙ ይባላል፤ ብዙም መድኃኒት ይረጫል። የሚበረውን ማሳደድ ግን ማለቂያ የለውም። እርጥቡ ኩስና የቆመው ውሃ ሳምንት ሳይሞላቸው ከተነሱ፣ የሚበረው ከየት ይመጣል?

በዶሮ ቤት አካባቢ በብዛት የሚታየው ተራው የቤት ዝንብ ነው። ሴቷ በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 150 እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋም ይህን ደጋግማ ታደርገዋለች። ሙቀት ካለ እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ነጩ ትል ለጥቂት ቀናት በልቶ ይወፍራል። ከዚያ ደረቅ ያለ ጥግ ፈልጎ ይሸሸግና እንደ ትንሽ በርሜል ያለ ቡናማ ሙሽሬ ይሆናል። ከሙሽሬው ዝንብ ይወጣል። ይህ ሁሉ በሞቃት አየር ከ7 እስከ 10 ቀን ቢፈጅ ነው። ሲቀዘቅዝ ጊዜው ይረዝማል።

ሌሎችም አሉ። በጥላ ሥር አየር ላይ የምትንሳፈፈው ቀጭን ዝንብ ቀዝቃዛ አየር የምትወድ ዘመድ ናት። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የምታብረቀርቀው ደግሞ በድን ፈላጊ ናት። እሷን በብዛት ካዩ የሆነ ቦታ የሞተ አይጥ፣ የተሰበረ እንቁላል ወይም የሞተች ጫጩት አለ ማለት ነው፤ ይፈልጉ። ተርብ የምትመስል ረዘም ያለች ጥቁር ዝንብ ካዩ ግን አይደንግጡ። ጥቁር ወታደር ዝንብ ትባላለች። ስታድግ አትናከስም፣ ምግብ ላይም አታርፍም። ወፋፍራም ትሎቿ ኩሱን ስለሚሻሙት የቤት ዝንብ ትል ቦታ ያጣል። ዶሮዎችም ይወዷቸዋል።

የቤት ዝንብ አትናከስም፤ ጉዳቷ ሌላ ነው። ጠጣር ነገር መብላት ስለማትችል ምራቋን ትተፋበትና አሟሙታ ትመጠዋለች። ከኩስ ተነስታ ወጥ ቤት ስትገባ እንደ ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎችን በእግሯም በሆዷም ይዛ ነው። ለዶሮዋም አትመችም። አንድ ዓይነት የዶሮ ኮሶ ትል በዝንብ ውስጥ ካደገ በኋላ ዶሮዋ ዝንቧን ስትውጥ አብሮ ይገባል። ከኋላዋ ላባዋ በኩስ የተጨማለቀ ዶሮ ካለች ደግሞ ዝንብ እዚያው ላይ እንቁላል ልትጥልባት ትችላለች። ትሎቹ ቆዳዋን ይበሏታል። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ሳይውሉ ሳያድሩ ማጠብ ነው።

ዶሮዎች ትል ሲለቅሙ ማየት ያስደስታል። ኩሱን እየጫሩ መበተናቸውም ለማድረቅ ይረዳል፤ ስለዚህ በጓሮ ከሚያድኑልን ሠራተኞች ግንባር ቀደሞቹ እነሱ ናቸው። ከበድን የወጣ ትል ግን ፈጽሞ እንዲበሉ አይፍቀዱ። በሚበሰብስ ሥጋ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ መርዝ ያመርታል፤ ትሉም መርዙን በሰውነቱ ያከማቻል፤ እሱ ራሱ አይሞትም። ያንን የለቀመች ዶሮ መጀመሪያ እግሯ፣ ከዚያ ክንፏ፣ በመጨረሻም አንገቷ ይዝላል። ጭንቅላቷን ማንሳት አቅቷት መሬት ላይ ትዘረጋለች። የሞተ ነገር በዕለቱ በጥልቀት የሚቀበረው ለሽታው ብቻ አይደለም።

ጠላታችን እርጥበት ነው

ትኩስ የዶሮ ኩስ 75 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ለዝንብ ትል ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ ግን ትሉ ሊኖርበት አይችልም። ሥራው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ያህል ትኩስ ኩስ ትጥላለች። አሥር ዶሮ ካለዎት በየቀኑ አንድ ኪሎ፣ በሳምንት ሰባት ኪሎ ነው። አብዛኛው ሌሊት ቆጡ ሥር ይከመራል፤ ምክንያቱም ዶሮ ተኝታም ትጥላለች።

አንድ ቀን ጊዜ ወስደው ውሃ መጠጫውን ያንሱት። ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ የረጠበ፣ የተጋገረ ክብ ያገኛሉ። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። በእንጨት ጫፍ ይፈንቅሉት። ከሥሩ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጫጭ የሆኑ ትሎች እየተጠላለፉ ሲሸሹ ያያሉ። ትንሽ ወጣ ብለው ደረቁን ዳር ሲገልጡ ቡናማዎቹ ሙሽሬዎች ተደርድረዋል። ቤቱን ሙሉ ሲጠርጉ ኖረው ዝንቡ አልቀንስ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ያላዩት ይህንን አንድ ክብ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጠጫው በዶሮዋ ጀርባ ከፍታ ልክ ይሁን፤ ያኔ አትረግጠውም፣ ጉዝጓዝ አትጭርበትም፣ ብዙም አታፈስም። ከሥሩ ጠጠር ወይም ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት ጣውላ ያድርጉ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ለነገ አይባልም። ጣራው ያፈስ እንደሆነ፣ የዝናብ ውሃ ከውጭ ይገባ እንደሆነም ይመልከቱ። ኩሱ ራሱ በድንገት የቀጠነ እንደሆነ ደግሞ ምክንያቱ መኖው ውስጥ የበዛ ጨው፣ ከባድ ሙቀት ወይም እንደ ኮክሲዲዮሲስ ያለ የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዝንቡ የችግሩ መጀመሪያ ሳይሆን ምልክቱ ነው።

ጉዝጓዙን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። እፍኝ አንስተው ይጭመቁት። እጅዎን ሲከፍቱ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል። ትንሽ ተያይዞ ወዲያው ከተፈረካከሰ ጥሩ ነው። አቧራ ብቻ ከሆነ በጣም ደርቋል፤ ያ ደግሞ ለዶሮዋም ለእርስዎም መተንፈሻ አይበጅም። የረጠበውን አውጥቶ ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ሳጋቱራ ወይም የተቆራረጠ ጭድ መጨመር ይበቃል። ኖራም እርጥበት ይመጥጣል፤ ግን ተበትኖ አቧራው እስኪረግፍ ዶሮዎቹ ውጭ ይቆዩ።

የቆጡን ሥር ኩስ ቢቻል በየቀኑ፣ ካልሆነ በሳምንት አንድ ቀን ሳይዛነፍ ማንሳት ነው። ሳምንት የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። የዝንቧ ዑደት 7 ቀን ከሆነ፣ በስድስተኛው ቀን የወጣ ኩስ ትሉን ይዞ ይወጣል፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የወጣ ግን ዝንቡን ለቆ ባዶውን ይወጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ያወጡትን ከቤቱ ጀርባ መቆለል ደግሞ ዝንቡን ቦታ ማስቀየር ብቻ ነው። ወይ በስሱ ዘርግተው በፀሐይ ያድርቁት፣ ወይ ከደረቅ ቅጠልና ጭድ ጋር ቀላቅለው ኮምፖስት ያድርጉት። በደንብ የተሠራ ክምር መሀሉ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል፤ እዚያ ትል አይተርፍም። ዳሩ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ ትሎቹ ወደዚያ ይሸሻሉ። በየጥቂት ቀኑ ዳሩን ወደ መሀል መገልበጥ ያስፈልጋል። ክምሩን በላስቲክ መሸፈንም ጥሩ ነው፤ ላስቲኩ ሲታጠፍ የዝናብ ውሃ እንዳይዝ ግን ተጠንቀቁ። ዝንቡን እያጠፉ ትንኝ ማርባት የሚጀመረው እዚያ እጥፋት ውስጥ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በቆየ ደረቅ ኩስ ውስጥ የዝንብ እንቁላልና ትንንሽ ትሎችን የሚበሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አሉ። በሙሽሬው ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ፣ ሰው የማይነድፉ ደቃቅ ተርቦችም አሉ። ወለሉን እስከ መጨረሻው ሲልጡት እነሱም አብረው ይጠፋሉ። ዝንብ ግን ከእነሱ ቀድሞ ይመለሳል። ስለዚህ እርጥቡን ሁሉ አውጥተው ከደረቁ ስስ ንጣፍ ማስቀረት ብልህነት ነው።

ትንኝ፦ የሳምንት ዕድሜ ያለው ውሃ

ትንኝ፣ ወይም ብዙ ሰው እንደሚላት ቢንቢ፣ ኩሱ አያስጨንቃትም። የእሷ ጉዳይ ውሃ ነው። እጯም ሙሽሬዋም ውሃ ውስጥ ነው የሚያድጉት፤ በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። የምትናከሰውም ሴቷ ብቻ ናት፤ ለእንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል።

ለዶሮ ቤት ዋናዋ ኩሌክስ ናት። ቆሻሻ የቆመ ውሃ ትወዳለች፣ ሌሊት ትሠራለች፣ የወፍ ደም ይጥማታል። ከ100 በላይ እንቁላሎቿን አጣብቃ እንደ ጥላሸት ፍንጣሪ ውሃ ላይ ታንሳፍፋለች። ኤደስ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ ቀን የምትናከስ ናት። እንቁላሏን የዕቃው ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው ጠርዝ ከፍ አድርጋ ትለጥፋለች። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ለዚህ ነው ባልዲውን መድፋት ብቻውን የማይበቃው። በብሩሽ መፈግፈግ አለበት።

የወባ ትንኝ የሆነችው አኖፊለስ ሌላ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2016 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት አኖፊለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ዝርያ ዶሮን እንደምትሸሽ፣ የዶሮ ጠረንም እንደሚያርቃት አሳይተዋል። ደስ የሚል ግኝት ነው። ኩሌክስን ግን የዶሮ ጠረን አያርቃትም፤ ስለዚህ ዶሮ አለኝ ብሎ ውሃውን መርሳት አይገባም።

ዶሮዎችን በትንኝ በኩል የሚያገኛቸው ትልቁ ጣጣ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ትንኟ ከታመመችው ዶሮ ቫይረሱን በአፏ ይዛ ጤነኛዋ ላይ ትተክለዋለች። ዶሮ ቆጥ ላይ ስታንቀላፋ ላባ የሌለው ፊቷና አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነው የተጋለጠው፤ ኪንታሮት የሚመስለው እከክም የሚወጣው እዚያው ነው። አንዳንዴ አፏ ውስጥ ይገባና መብላትና መተንፈስ ይከለክላታል። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ሁለት ሹል ባለው መርፌ የክንፏን ስስ ቆዳ በመብሳት ይሰጣል። ከሳምንት በኋላ የተበሳው ቦታ ትንሽ እብጠትና ቅርፊት ካሳየ ክትባቱ ይዟል። ትንኝ በሚበዛበት አካባቢ እኔ ይህን ክትባት ከማንኛውም የሚረጭ ነገር አስቀድማለሁ። የወፍ ወባም አለ፤ ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

የውሃ አሰሳው እግር ይፈልጋል። መጠጫውን በየቀኑ መለወጥ፣ በሳምንት አንዴ ማሸት። የተጣለ ጣሳ፣ ያረጀ ጎማ፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህን፣ ዶሮዎቹ የጫሩት ጉድጓድ፤ ሁሉም ይታያል። ውሃውን በጣትዎ ነካ ያድርጉት። እጭ ካለ ጥላዎን አይቶ እየተጥመለመለ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ለመተንፈስ ይወጣል። ሊደፋ የማይችል ውሃ ካለ ቢቲአይ የተባለውን ባክቴሪያ መጨመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1976 በእስራኤል የነጌቭ በረሃ የተገኘ ነው። የትንኝ እጭ አንጀት ውስጥ ገብቶ ይገድላል፤ ለዶሮ፣ ለዓሣና ለንብ ግን ጉዳት የለውም።

ለሌሊቱ መስኮቱን በስስ ወንፊት ሽቦ መሸፈን ይረዳል፤ አየሩ እንዳይታፈን ግን መስኮቱ ሰፋ ይበል። ትንኝ በረራዋ ደካማ ስለሆነ ቆጡ ላይ የሚነፍስ ማራገቢያም ያርቃታል፤ ጉዝጓዙንም ያደርቃል።

መርዝና ወጥመድ

ዝንብ ለመርዝ ቶሎ ይላመዳል። ዲዲቲ በገነነበት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ውስጥ ሳይቀር የማይሞቱ ዝንቦች ታይተዋል። ጠንካራ መርዝ ደግሞ ትል በላዎቹን ጥንዚዛዎችና ተርቦች አስቀድሞ ይጨርሳል። የእንቁላሉም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔዘርላንድስና በቤልጅየም ፊፕሮኒል የተባለ ያልተፈቀደ መርዝ ደም መጣጭ ተባይን ለመከላከል ዶሮ ቤት ውስጥ ተረጭቶ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተሰብስቧል። ስያሜው ላይ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ተብሎ ያልተጻፈ ነገር እዚያ ቤት አይግባ። በጥራጥሬ መልክ የሚበተን የዝንብ መርዝ በተለይ አደገኛ ነው፤ ዶሮ ለቅማ ትበላዋለች።

የሚሸት ማጥመጃ ዝንብን ከሩቅ ስለሚጠራ ከዶሮ ቤቱ ራቅ ተደርጎ ይሰቀል፤ በር ላይ የሰቀሉት እንደሆነ የጎረቤቱን ዝንብ ሁሉ ጋበዙ። ተለጣፊው ጥቅል ወረቀት ደግሞ ዶሮ የማትደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ላባዋ ከተጣበቀ ማላቀቁ ሥቃይ ነው። በመብራት የሚስበው የኤሌክትሪክ ማቃጠያ ለትንኝ ብዙም አይረባም፤ የሚጨርሰው በአብዛኛው ሌሎች የማይጎዱ ነፍሳትን ነው።

ጽዳቱን በጀመሩበት ሳምንት ዝንቡ ባይቀንስ አይገረሙ። ቀድመው የተሸሸጉት ሙሽሬዎች ገና ይፈለፈላሉ፤ ያደገው ዝንብም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይኖራል። ለውጡን ለማየት ዝንቦች ሌሊት የሚያድሩበት የጣራ ማገር ላይ ነጭ ካርቶን ይለጥፉ። በሳምንቱ ያወርዱትና ዝንቦቹ የጣሉበትን ጥቋቁር የኩስና የምራቅ ነጥቦች ይቁጠሩ። ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት፣ አዲስ ይለጥፉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ካርቶን ላይ ነጥቦቹ ካልሳሱ ተመልሰው መጠጫውን ያንሱ።