ድርብ መስፈርት ምንድን ነው? የአንዲት ሙሽራ ሁለት ሚዛን

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ ተንታኝ ስለ ሴት ፖለቲከኞች ያወራል። «ድርብ መስፈርት የሚባል ነገር የለም፤ ወንዶቹም'ኮ ይሰደባሉ» አለ። ሾፌሩ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። እኔ «ወራጅ አለ» ለማለት ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረኝ ነበር። እስክወርድ አረርኩ።

አብራው የቀረበችው እንግዳም አልተሻለችም። ሴት ባለሥልጣን በተተቸች ቁጥር ድርብ መስፈርት ነው ባይ ናት። ሁለቱም ስድብ እየቆጠሩ ነው የሚከራከሩት። ነገሩ ግን የስድብ ብዛት አይደለም።

አንድ የእህል ነጋዴ አስቡ። ከገበሬው ሲገዛ ከበድ ያለውን የሚዛን ድንጋይ ያወጣል፤ ለከተሜው ሲሸጥ ቀለል ያለውን። ሁለቱም ላይ «አንድ ኪሎ» ተብሎ ተጽፏል። ገበሬው «ጤፌ ጎደለብኝ» ስላለ ብቻ ነጋዴው ሌባ ነው አይባልም። ጤፉ የእውነት ጎድሎ ይሆናል። ሌብነቱ የሚታወቀው አንዱን ጆንያ በሁለቱም ድንጋይ ሲመዝኑት ነው። ድርብ መስፈርትም እንዲሁ ነው። ያው ሥራ፣ የሠራችው ሴት ስለሆነች ብቻ ሌላ ስም ሲወጣለት።

ታሪክ አስተማሪ ነኝና ጆንያዬን ከዚያው ላምጣ። ዐፄ ምኒልክ ልጃቸውን ዘውዲቱን ገና በሕፃንነቷ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ዳሩ። ይህን ስናስተምር «ብልህ ፖለቲካ» እንላለን። አርአያ ሥላሴ ሞቱ። ከዓመታት በኋላ ይህችው ዘውዲቱ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ጉግሣ ወሌን አገባች፤ በጋብቻው ውስጥ የእቴጌይቱ እጅ ነበረበት። ይኼኛው ሲነሳ «ሴራ»፣ «የሥልጣን ጥም»፣ «ዘመዶቿን ልትሰገስግ» ይባላል። ሙሽራዋ አንድ ናት። ጋብቻውም ያው የቤተ መንግሥት ጋብቻ ነው። የተቀየረው ድንጋዩ ነው።

ደግሞ ነጋዴው ሁልጊዜ ድንጋይ አይቀይርም። አንዳንዴ ሣህኑን በጣቱ ጫን ያደርጋል። ሴት ስትደፍር ምን እንላለን? «ወንድ ናት!» ምስጋና መሆኑ ነው። ስትሳሳት ግን «ድሮም ሴት»። ትርፉ በወንድ ስም ይመዘገባል፣ ኪሳራው በሴት። መቀሌ ላይ የጣልያን ምሽግ ውሃ እንዲያዝ ያደረጉትን ጣይቱን በዚህ ቃል ያመሰገነ ተማሪ በየዓመቱ አላጣም። ሊያከብራቸው ፈልጎ ነው፤ ምን ልበለው?

አሁን ወደ 1902 ዓ.ም.። ምኒልክ ታመው ተኝተዋል። ጣይቱ ይሾማሉ፣ ይሽራሉ። በመጋቢት ወር መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ባልዎን ያስታሙ፣ ነበር መልእክቱ። አገሩን የሚያዘው የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ራስ ተሰማ ናደው ሆነ። ተሰማን «የሥልጣን ጥመኛ» ያለ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴን ልያዝ። ማወዳደሪያው ንጹሕ አይደለም። ተሰማ በምኒልክ የተሾሙ ሞግዚት ነበሩ፤ ጣይቱ እንዲህ ያለ ሹመት አልነበራቸውም። የሸዋ መኳንንት የሰሜኑን የጣይቱን ወገን መፍራታቸውም እውነት ነው። ወንድማቸው ራስ ወሌ ጦር ያላቸው ሰው ናቸው። ጣይቱ በሰጧቸው ሹመቶች የተከፋውም ብዙ ነበር። ስለዚህ «ሴት ስለሆኑ ብቻ ነው የወረዱት» የሚል መልስ ፈተና ላይ ሲመጣልኝ ነጥብ እቀንሳለሁ። መስፈርቱ ድርብ ነበር ማለት ተከሳሿ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም። እንግዳዋ የሳተችው ይህን ነው።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ካቢኔው እኩል በእኩል ሴትና ወንድ ሲሆን «ብቃት አላቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው መጣ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት በወንድ ለተሞሉት ካቢኔዎች ሲጠየቅ ስላልሰማሁ እንጂ።

የዘውዲቱ ነገር ደግሞ አላለቀም። በ1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ዘውዱን ሰጧቸው። ግን ከጉግሣ ተለይተው ነው። የጣይቱ ወገን በባል በኩል ይመለሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበርና፣ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ቀሩ፣ ባልየው ወደ በጌምድር።