የብርድ ወራት ሙስኪ ምንድን ነው?

ሙስኪ፣ በሙሉ ስሙ ማስከለንጅ፣ በሰሜን አሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖር ትልቅ አዳኝ ዓሣ ነው። ስሙ የመጣው ከኦጂብዌ ሕዝብ ቋንቋ ነው። አካሉ ረጅም፣ አፉ እንደ ዳክዬ ምንቃር ጠፍጣፋ፣ መንጋጋው በስለታም ጥርሶች የተሞላ ነው። ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል። አድፍጦ ይጠብቅና የሚያድነው ሲጠጋው እንደ ቀስት ይወረወራል። የአገሩ አጥማጆች «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ብለውታል፤ አንዱን ለመያዝ መንጠቆ አሥር ሺህ ጊዜ መወርወር ይጠይቃል ለማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ወርውሮ አንድም ሳያይ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ስሙን አይቃወምም።

ስለዚህ ዓሣ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች የመጣ ነው። ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ1955 የግዛቱ ዓሣ አድርጎ መርጦታል። በዚያ ወቅቱ ሞቃታማዎቹ ወራትና መኸሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ በበረዶ ይሸፈንና ጀልባ ሁሉ ወደ ደረቅ ይወጣል። ከዚያ በስተ ደቡብ ባሉት በኬንታኪና በቴነሲ ግዛቶች ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ብዙ ሰው ሙስኪ ፍለጋ የሚወጣው ጣት በሚያደነዝዘው ጊዜ፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች መጀመሪያ ነው። በርዕሱ ላይ «ክረምት» ያላልሁትም ለዚህ ነው፤ ቃሉ ለእኛ ዝናብ እንጂ ብርድ አይደለም።

በደቡብ የታወቁት የሙስኪ ሐይቆች ሰው ሠራሽ ናቸው። ቆቃ በአዋሽ ላይ እንደተፈጠረው ሁሉ፣ የኬንታኪው ኬቭ ረን ሐይቅም የሊኪንግ ወንዝ ሲገደብ የተፈጠረ ነው። ስፋቱ ወደ 33 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከግድቡ በታች የሙስኪ ጫጩት የሚያሳድግ የመንግሥት ማራቢያ አለ። እንዲህ ያለ ሐይቅ በሐምሌ ሙቀት የላይኛው ውኃው ከ27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሙስኪ ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፤ ሙቅ ውኃ ደግሞ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው። በዚያ ሙቀት መንጠቆ ላይ ታግሎ የደከመ ሙስኪ ቢለቀቅም፣ ዋኝቶ ከዓይን ከራቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለዓሣው የሚያስቡ አጥማጆች በሙቀቱ ወራት ዘንጋቸውን ይሰቅላሉ። በእኔ ግምት የብርዱ ወቅት የተከበረበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ዓሣው ተይዞ ተለቅቆ የመኖር ዕድሉ ከፍ የሚልበት ጊዜ ነው።

ሌላው ምክንያት ምግብ ነው። በእነዚህ ሐይቆች ሙስኪ በብዛት የሚበላው ሻድ የሚባል በመንጋ የሚኖር ብርማ ዓሣ ነው። ትንሹ የሻድ ዝርያ ብርድ አይችልም፤ ውኃው ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ በጎኑ ይንሳፈፋል፣ በብዙ ቁጥርም ይሞታል። ሙስኪም በዚህ ጊዜ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ምግብ የሚፈጨው በዝግታ ነው፤ ብዙ መሯሯጥ አያዋጣውም። እየሞተ የሚሰምጥ ሻድ ግን ያለ ድካም የሚገኝ ጉርሻ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየ ቦታ በቴነሲ ክሊንች ወንዝ ላይ ያለው ሜልተን ሂል ሐይቅ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1963 ተጠናቀቀ። በዳርቻው ቡል ረን የሚባል በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ነበር፤ ማሽኑን ያቀዘቀዘበትን ሙቅ ውኃ ወደ ሐይቁ ይመልስ ነበር። በብርድ ወራት ሻዱ ወደዚያ ሙቀት ይሰበሰብ ነበር፣ ሙስኪውም ሻዱን ይከተል ነበር፣ አጥማጁም ሙስኪውን። ማመንጫው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ሲዘጋ ያ የሙቅ ውኃ ፍሰት አበቃ፤ ስለዚህ ዓሣውን በሰፊው ሐይቅ እንደ አዲስ መፈለግ ግድ ሆኗል። የቴነሲ ክብረ ወሰን የሆነው ወደ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሙስኪ የተያዘው በዚሁ ሐይቅ ነው፤ ቀኑ ማርች 2 ቀን 2017፣ የብርዱ ወቅት መጨረሻ ነበር።

አጠማመዱ ከሞቃታማው ወራት በፍጥነቱ ይለያል። ከአንድ ስንዝር የሚበልጥ፣ የታመመ ሻድ የሚመስል ሰው ሠራሽ ዓሣ ይወረወራል፤ የሙስኪ ጥርስ ተራ ክር ስለሚበጥስ መጨረሻው ላይ ሽቦ ወይም ወፍራም ክር ይታሰራል። ከዚያ ትንሽ ሳብ ማድረግና ማቆም ነው። ማቆሙ ረጅም ነው፤ ሰው ሠራሹ ዓሣ በውኃው መካከል ተንጠልጥሎ ጥቂት ሰከንዶች መቆየት አለበት። ብዙ ጊዜ ሙስኪው የሚመታው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ዳርቻ ከሰዓት በኋላ በአንድ ዲግሪ እንኳ ሲሞቅ፣ ጠዋት ባዶ የነበረው ቦታ ሕይወት ሊዘራ ይችላል።

ሙስኪ ሰው ሠራሹን ዓሣ እስከ ጀልባው ጫፍ ተከትሎ መጥቶ፣ ሳይነካው ቆሞ የማየት ልማድ አለው። አጥማጁ በዚህ ጊዜ ክሩን አያወጣም፤ የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክሮ ስምንት ቁጥር ይሥላል። በብርድ ውኃ ስምንቱ ሰፊና የተረጋጋ መሆን አለበት፤ ረጅሙ ዓሣ በጠባብ መታጠፊያ ላይ መዞር ይከብደዋል። በጀልባው ጎን ባለው ውኃ ውስጥ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት፣ አንድ ሜትር የሚሆን ዓሣ ቀስ ብሎ ሲዞር ማየት ትንፋሽ ያስይዛል።

የተያዘው ዓሣ በትልቅ መረብ ውስጥ፣ ውኃው ውስጥ እንዳለ ይቆያል። መንጠቆው በፒንሳ ይወጣል፤ ካልወጣ በብረት መቁረጫ ይቆረጣል። አየሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ፎቶግራፍ ለማንሳት ዓሣውን ከውኃ ማውጣት አደገኛ ነው፤ እርጥቡ ስንጥቡና ዓይኑ በቅጽበት በረዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ካሜራው አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ዓሣው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከፍ ይላል፣ ከዚያም ጅራቱ ተይዞ በራሱ ጉልበት እስኪላቀቅ ድረስ ውኃው ውስጥ ይጠበቃል።