ሳውንዴክስ ምንድን ነው? ሁበርን ከሁቨር ያገናኘው ቁጥር

በ1738 አንድሪያስ ሁበር የሚባል ጀርመናዊ ልጅ እግር ከመርከብ ወርዶ ፊላዴልፊያ ገባ። ከ190 ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ ከእሱ ዘር የሆነ ሰው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ስሙ ግን ሁበር አልነበረም፤ ኸርበርት ሁቨር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመሃል ስሙን የቀየረ ፍርድ ቤት አልነበረም። ስሙን የቀየረው የጸሐፊ ጆሮ ነው። ከራይን ወንዝ አካባቢ የመጡ ጀርመኖች በአናባቢዎች መሃል ያለችውን ቢ ለስለስ አድርገው፣ ወደ ቪ አስጠግተው ነበር የሚጠሯት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጸሐፊ ቪ ሰማ፣ ቪ ጻፈ። ረዘም ያለችውን ኡ ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ በሁለት ኦ አስቀመጣት። በቃ፣ ሁቨር ተወለደ።

የቀድሞ አሜሪካ መዝገብ በዚህ የተሞላ ነው። ፔንሲልቬንያን ውሰዱ። ከ1727 ጀምሮ የሚገቡ ጀርመን ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥ የታማኝነት ቃል ገብተው መፈረም ነበረባቸው። መጻፍ የሚችለው ስሙን በጀርመንኛ ይፈርማል። የማይችለው ምልክት ያደርጋል፣ ስሙን ጸሐፊው ይሞላለታል። የመርከቡ ካፒቴን ደግሞ የራሱ ዝርዝር አለው። ስለዚህ ያው ሰው በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ከዚያ የግብሩ መዝገብ፣ የመሬት ውሉና ኑዛዜው ሲጨመሩበት አስቡት።

እዚህ ላይ እኛ ብዙም ልንገረም አይገባም። ኃይሉ የሚባል ጓደኛ ያለው ሰው ያውቀዋል። በሃሌታው ሀ ነው፣ በሐመሩ ሐ ወይስ በብዙኃኑ ኀ? ንጉሤስ በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ ሠ? መታወቂያው አንድ ይላል፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሁለቱንም ይጽፋል። የአሜሪካዎቹም ችግር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የነሱ 200 እና 300 ዓመት ማስቆጠሩ ነው።

ሳውንዴክስ ለዚህ ችግር የተሠራ ዘዴ ነው። ስምን በሆሄው ሳይሆን በድምፁ ይመድባል። ሐሳቡን ያመጣው ሮበርት ራስል የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1918 ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ይቀመጣል። አናባቢዎች ይጣላሉ፤ ጆሮ በብዛት የሚሳሳተው በነሱ ነውና። ኤች፣ ደብሊውና ዋይም አብረው ይሄዳሉ። የቀሩት ተነባቢዎች በድምፅ ዝምድናቸው ተቧድነው ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቢ፣ ፒ፣ ኤፍ እና ቪ የከንፈር ናቸው፣ 1። ዲ እና ቲ 3። ኤል ብቻዋን 4። ኤም እና ኤን 5። አር 6። የተረፉት፣ ማለትም ሲ፣ ኬ፣ ጂ፣ ጄ፣ ኤስ፣ ዜድ እና መሰሎቻቸው፣ 2 ላይ ይታጨቃሉ። ሦስት ቁጥር ሲሞላ ይቆማል፤ ካልሞላ ዜሮ ይጨመራል።

ሁበርን በዚህ እናሳልፈው። ኤች ትቀመጣለች። ዩ ትጣላለች። ቢ 1 ናት። ኢ ትጣላለች። አር 6። አንድ ዜሮ እንጨምር፦ ኤች160። አሁን ሁቨር። ኤች ትቀመጣለች፣ ሁለቱ ኦዎች ይጣላሉ፣ ቪ 1፣ አር 6፣ ዜሮ። ኤች160! አያትና የልጅ ልጅ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተገናኙ።

አንዲት ረቂቅ ደንብም አለች፦ አንድ ቁጥር ያላቸው ፊደሎች ጎን ለጎን ከመጡ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ላይ የአሜሪካን ጦር የመራው ጄኔራል ጆን ፐርሺንግ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅድመ አያቶቹ ስማቸውን ሲጽፉ በፒ እና በኤፍ ነበር የሚጀምሩት፤ የጀርመን ስም ነዋ፣ ፕፎርሺንግ። ፒ እና ኤፍ ሁለቱም 1 ስለሆኑ ኤፏ ተውጣ ትቀራለች። ሁለቱም አጻጻፎች ፒ625 ይሆናሉ።

ዘዴው አገር አቀፍ የሆነው በጡረታ ምክንያት ነው። በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲወጣ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። የልደት ምስክር ወረቀት ያልነበረው ሰው ብዙ ነው። የቀረው ማስረጃ የድሮው የሕዝብ ቆጠራ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ስሙ እንዴት ተጽፎ እንደሆነ ማን ያውቃል? ስለዚህ መንግሥት ለሥራ አጦች በከፈተው ፕሮግራም የተቀጠሩ ሰዎች የ1880ን፣ የ1900ን እና የ1920ን ቆጠራ በካርድ ላይ በሳውንዴክስ ቁጥር መዘገቡ። የ1880ው 10 ዓመትና ከዚያ በታች ልጅ ያለበትን ቤት ብቻ ነው የያዘው፤ የተፈለጉት ለጡረታ የደረሱት ነበሩና። ዛሬ ያንኑ ሥራ ኮምፒውተር በቅጽበት ይሠራዋል፣ የ1790ውንም የመጀመሪያ ቆጠራ ጨምሮ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እስከ 1850 ድረስ ቆጠራው በስም የሚጽፈው የቤቱን አባወራ ወይም እማወራ ብቻ ነበር። ያ አንድ ስም ከተበላሸ ቤተሰቡ በሙሉ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። እንደ እኔ አስተያየት ትልቁ ድክመቱ ለመጀመሪያዋ ፊደል ያለው ክብር ነው። በ1876 በሊትል ቢግ ሆርን ጦርነት የሞተው ጄኔራል ከስተር ዘሩ ጀርመን ነው፤ የጥንቱ ስም በኬ የሚጀምር ኩስተር ነበር። በድምፅ ያው ነው። ሳውንዴክስ ግን አንዱን ኬ236፣ ሌላውን ሲ236 ብሎ ይለያያቸዋል። ፈላጊው ሁለቱንም ካልሞከረ ወንድማማቾቹ አይተያዩም። በተቃራኒው ደግሞ ወንፊቱ ሰፊ ነው፦ ሆፐር የሚባል እንግሊዛዊም ኤች160 ነው፣ ከሁበር ጋር በደምም በአጥንትም ባይዛመድም።

የተተረጎመ ስም ላይማ ጭራሽ አይሠራም። ዚመርማን አናጢ ማለት ነው፤ አንዳንዱ ዚመርማን እንግሊዝኛው ሲለምድለት ካርፔንተር ተባለ። የኒውዮርክ ሆላንዶችም ሌላ ራስ ምታት ናቸው። በ1664 እንግሊዞች ከተማዋን እስኪይዙ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ጥቂት ትውልድ፣ ብዙዎቹ እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። የያን ልጅ ፒተር፣ ፒተር ያንሰን ነው፤ የእሱ ልጅ ደግሞ ፒተርሰን። እዚያ የቤተሰብ ስም ብሎ ነገር ስለሌለ የሚከተሉት ሆሄ የለም።

እግረ መንገዴን፦ «ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩብን» የሚባለው ወሬ አይያዝላችሁ። ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለው ይህ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ የተከፈተው በ1892 ነው። ተቆጣጣሪዎቹ የሚሠሩት መርከቡ ይዞት በመጣው ዝርዝር ላይ ነበር፤ ስሞቹ የተጻፉት ከመነሻው ወደብ ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ሲያሳስት ምን ይያዛል? መሬት። የአብርሃም ሊንከን አያት፣ ስሙም አብርሃም፣ በ1780 ኬንታኪ ውስጥ መሬት ሲገዛ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ሊንክሆርን» ተብሎ ነው። ሳውንዴክስ ሊንከንን ኤል524፣ ሊንክሆርንን ኤል526 ይላቸዋል። ለጥቂት ሳቱ፤ ጸሐፊው ከየት እንዳመጣት የማትታወቅ አንዲት አር ናት ያለያየቻቸው። ሰውየው በ1786 እዚያው መሬቱ ላይ ተገደለ። ርስቱም በሕጉ መሠረት ለበኩር ልጁ ለሞርዴካይ ሊንከን አለፈ። ስሙ ቢቀያየርም ርስቱ አልተቀያየረም፤ የሚስቱ፣ የልጆቹና የጎረቤቶቹ ስምም እንደዚያው። ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች ከስሙ ይልቅ ጎረቤቱንና ምስክሩን የሚከታተሉት ለዚህ ነው።

በ1985 ራንዲ ዴይችና ጋሪ ሞኮቶፍ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድን ስም ለመፈለግ የተሻሻለ ሳውንዴክስ አወጡ። ስድስት ቁጥር አለው። የመጀመሪያዋንም ፊደል ወደ ቁጥር ይቀይራታል። ሲን እንደ ኬም ስለሚቆጥራት ኩስተርና ከስተር በእሱ ይገናኛሉ።

ይህ ነገር ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ወገናችንም ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ሲገባ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል፣ በላቲን ፊደል። ጸጋዬን አንዱ ወንድም በቲ እና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። በድሮው ሳውንዴክስ የመጀመሪያው ቲ220፣ ሁለተኛው ኤስ200 ነው፤ አይገናኙም። በእነ ዴይች ዘዴ ግን ቲ እና ኤስ አንድ ላይ ሲመጡ ከኤስ ጋር እኩል ቁጥር አላቸው። መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ከተጻፈ የሁለቱ ወንድማማቾች ልጆች እዚያው መሳቢያ ውስጥ ናቸው።