የውሻ ጅራት ማስቆረጥ ምንድን ነው? ሕክምናስ ነው እንዴ?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ቡችላዬን ጅራቱን አሳከምኩት» ብሎ ፎቶ ለጠፈ። ምን ታሞ?

ጅራት ማስቆረጥ ማለት የጤነኛ ቡችላን ጅራት በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቀስ ወይም በላስቲክ ማሳጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማደንዘዣ። የተሰበረ ወይም የበሰበሰ ጅራትን አደንዝዞ መቁረጥ ሌላ ነው፤ እሱን እኛ የእንስሳት ሐኪሞችም እንሠራለን። ሁለቱን የሚደባልቅ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

«ኋላ እንዳይጎዳ ነዋ!» ይለኛል አስተያየት ሰጪው። በዚህ ሒሳብ ስፖኪዮ እንዳይሰረቅ መኪናው ከጉምሩክ እንደወጣ መንቀል ነው። ተሰብሮ ከተንጠለጠለ ይነቀል፣ ልክ ነው። ሰፈሩ ሌባ ከበዛበት ግን የሚቀየረው የማቆሚያው ቦታ ነው። ደግሞ ያለ ስፖኪዮ መንዳት አለ። ጅራት የሌለው ውሻም ስሜቱን ለሌላ ውሻ ማሳየት ይቸግረዋል። (እዚህ ላይ ምሳሌዬ ያነክሳል፤ ጅራት እንኳን ለፍሬቻ ይቀርባል።)

«እንግሊዝም ትፈቅዳለች» ላልከው፦ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከልክላለች። የተፈቀደው ለተመሰከረላቸው የሥራ ውሾች፣ በሐኪም እጅ፣ ከ5 ቀን ዕድሜ ሳያልፉ ነው። ስኮትላንድ ጭራሽ ዘግታው ነበር፤ በ2017 ግን ለስፓኒየልና ለአንዳንድ አዳኝ ውሾች ፈቀደች። ቀኑን ሙሉ እሾህ ውስጥ የሚሮጥ ስፓኒየል ጅራቱ እውነትም ይቦጫጨራል፣ አልክድም። ውሾች ሁሉ አንድ ላይ ሲታዩ ግን፣ በ2010 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አንድ ጉዳት ለማስቀረት 500 ያህል ውሾች መቆረጥ አለባቸው ይላል። ቂርቆስ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የታሰረ ሮትዋይለር የቱ ጥሻ ሊገባ ነው?

የእኛ ከተማ ጉዳት የሚመጣው ከጠባብ የቆርቆሮ የውሻ ቤት ነው። ጌታው ሲመጣ ትልቁ ውሻ ጅራቱን ሲቆላ ቆርቆሮውን ይመታዋል። ጫፉ ይላጣል፣ ግድግዳው ደም በደም ይሆናል፣ ፋሻው ሳያድር ይወልቃል። ቤቱን አስፉለት። አንዳንዱ ያም ሆኖ አልድን ይልና መቆረጡ አይቀርም።

«ቡችላ አይሰማውም» የሚባለውም ዝም ብሎ ወሬ ነው። ዓይኑ ስላልተከፈተ ሕመም አያውቅም ማለት አይደለም፤ ሲቆረጥ ጩኸቱን የሰማ ያውቃል።

ደግሞ አጭር ጅራት ያየ ሁሉ «ቆረጡት» አይበል፣ እንደዚያው የሚወለዱም አሉ። ገንዘቡ ከተረፋችሁ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስከትቡት።