ባጃጅ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ፍጥነቱና የተከለከለበት መንገድ

ባጃጅ የሕንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ግን የሌላውን ፋብሪካ፣ የቲቪኤሱንም ባጃጅ ነው የምንለው። ሕጉ «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» ይለዋል። ድሬዳዋና ሐዋሳ መሀል ከተማ ይሄዳል፤ እዚህ የዳር ሰፈር ሰው መጓጓዣ ነው። አያት፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፦ ታክሲው አስፋልቱ ላይ አራግፎን ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ኮብልስቶንና ጭቃ ታግሎ ቤት የሚያደርሰን ባጃጅ ነው። ውለታው ብዙ ነው።

ዋናው ሕግ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር፤ በ395/2009 ተሻሻለ፣ በኋላ በደንብ ቁጥር 557/2016 ተተካ። መንጃ ፈቃዱም የራሱ ምድብ አለው፣ በአዋጅ 1074/2010። የሦስተኛ ወገን መድን እንደማንኛውም መኪና ግዴታ ነው።

በከተማ የፍጥነት ጣሪያ አለ። ባጃጅ ቁልቁለት ካገኘ ይነካዋል፣ ግን ከፊት ያለው ጎማ አንድ ብቻ ስለሆነ ኩርባ ላይ በድንገት ፍሬን ከተያዘ ወደ ጎን ይገለበጣል፣ በተለይ ከሾፌሩ ጎን ትርፍ ሰው ከተለጠፈ። የኋላው ወንበር ለሦስት ሰው ነው። አልዋሽም፣ ማታ ማታ አምስት ሆነን ሄደናል።

እውነቱን ለመናገር ባጃጅን የሚያስጨንቀው የፍጥነት ወሰን አይደለም፣ የት ይሂድ የሚለው ነው። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ለሱ ዝግ ነው። በከተማው ዋና ዋና አስፋልትም አይፈለግም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ጭራሽ በመላ ከተማው ታገደ። ሥርዓት ለማስያዝ ነው ተባለ፤ ሾፌሮቹ እንጀራችንን ነው የነካችሁት አሉ። ሁለቱም ልክ ይመስለኛል፣ ያለ ታርጋ የሚበርም ነበራ! ያን ሰሞን ሽንኩርትና ሕፃን ተሸክሞ በእግር የሄደው ግን የዳር ሰፈሩ ሰው ነው። በኋላ በከፊል ተፈቀደ፤ በማኅበር ተደራጅተው፣ በተመደበላቸው የውስጥ መንገድ ብቻ።

በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ዙሪያ የኦሮሚያዋ ሸገር ከተማ ስትመሠረት የታርጋው ነገር ይበልጥ ጎላ። «ኦሮ» የሚል የኦሮሚያ ታርጋ ያለው ወደ አዲስ አበባ ሲሻገር ይያዛል፣ ስለዚህ ወሰኑ ላይ ወርደን ሌላ እንይዛለን።

ክረምት ላይ አስፋልቱ ጫፍ ሲደርስ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አውጥቶ ያያል። «ትራፊክ አለ፣ እዚህ ይበቃል እናቴ» ይላል። ሱሪ ሰብስቦ የቀረችውን በእግር ነው።