«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው»፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻ የማንን ሸክም ያቀላል?

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አንድ ሰው ብቻውን የማይወጣው ጉዳይ ብዙዎች ሲካፈሉት እንደሚቀል ለማስረዳት ይነገራል። ደቦ ሲጠራ፣ ለታመመ ጎረቤት መዋጮ ሲሰበሰብ፣ ዕድርተኛው ለሐዘን ቤት ድንኳን ለመትከል ሲጠራራ ሽማግሌዎች ያነሡታል። ባለቤቱ ሕዝብ ነው፤ የበቀለበት ባህል ግን ግልጽ ነው። ሎሚ በአገራችን ለመዓዛውም ይፈለጋል፤ ሰው በእጁ ይዞ እያሸተተ ይሄዳል፣ በጥምቀት በዓል ደግሞ ጎረምሳው የወደዳትን ልጃገረድ ደረቷን በሎሚ ይመታል። ስለዚህ አንድ ሎሚ የያዘ ሰው ያማረበት እንጂ የተሸከመ አይመስልም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቁም ነገር ሎሚዎቹ ሲከፋፈሉም ሃምሳ መሆናቸው ነው። ምሳሌያዊ አነጋገሩ የሚያመሰግነው እያንዳንዱ የድርሻውን አንስቶ የያዘበትን ኅብረት ነው፤ ባዶ እጁን ከቦ የቆመ ሰው ቍጥሩ ቢበዛም የባለ ሸክሙን ትከሻ አያሳርፍም። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚካሄድ ዘመቻ ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም የሚለው ክርክርም መፍትሔ የሚያገኘው በዚሁ ሚዛን ይመስለኛል።

በፌስቡክና በቴሌግራም በየዕለቱ የምናየውን የሕክምና እርዳታ ጥሪ እንውሰድ። የታማሚው ፎቶግራፍ፣ የሆስፒታሉ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፣ ከሥሩም የባንክ ሒሳብ ቍጥር ይለጠፋል። ከሥር «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ጸሎቱን አላቃልልም፤ ነገር ግን የቀዶ ሕክምናውን ወጪ የሚቀንሰው በቴሌብር ሃምሳ ብር የላከው ሰው ነው። ገንዘብ የሌለውም ቢሆን ጥሪውን መርዳት ለሚችል ዘመዱ ካደረሰ አንድ ሎሚ አንሥቷል ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ክረምት የተካሄደው የበረዶ ውኃ በራስ ላይ የማፍሰስ ዘመቻ የተሳካለት የእያንዳንዱ ተሳታፊ ድርሻ የታወቀ ስለነበር ነው፦ ውኃውን አፍስስ፣ ገንዘብ ስጥ፣ ሌሎችን ጥራ። ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮችን ለሚያዳክመው በሽታ የሚሠራው የአሜሪካ የኤ.ኤል.ኤስ. ማኅበር በዚያ ወቅት 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከዚሁ ገንዘብ ድጋፍ ያገኙ ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋር የተያያዘ ዘረመል ለዩ።

የበረዶ ውኃው ዘመቻ በተካሄደበት በዚያው በ2014 (እ.ኤ.አ.) በሚያዝያ ወር በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ በምትገኘው ቺቦክ ቦኮ ሐራም 276 ተማሪዎችን ከትምህርት ቤታቸው አፍኖ ሲወስድ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። «ልጆቻችንን መልሱልን» የሚለው መፈክር በጥቂት ቀናት ዓለምን አዳረሰ፤ ሚሼል ኦባማም ጽሑፉን ይዘው ፎቶግራፍ ተነሡ። ይሁን እንጂ 57ቱ ልጃገረዶች ብዙም ሳይቆዩ ያመለጡት በራሳቸው ጥረት ነበር፤ 21ዱ እ.ኤ.አ. በ2016፣ 82ቱ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የተለቀቁት በድርድር ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ መፈክሩን ያስተጋባው የዓለም ሕዝብ አብዛኛው ወደ ሌላ ርእስ ተሻግሮ ነበር። መፈክሩ ከንቱ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ የናይጄሪያ መንግሥት ጉዳዩን በዝምታ እንዳያልፈው ጫና ፈጥሯልና። ከዚያ በኋላ ሸክሙን ይዘው የቀሩት የቺቦክ ወላጆችና ከእነርሱ ጋር ቀይ ለብሰው በአቡጃ ዩኒቲ ፋውንቴን እየተሰበሰቡ መንግሥታቸውን የሚጠይቁት ጥቂት ዜጎች ነበሩ።