ስለ በረኛዋ ኖራ ራቲ የሚባለውና እውነታው

በበረዶ ሜዳ ላይ በዱላ የሚጫወቱት የሴቶች አይስ ሆኪ ሲነሳ ካናዳና አሜሪካ ይጠራሉ፤ ሌላው አጃቢ ነው። ፊንላንድን ከአጃቢነት ካወጧት አንዷ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤስፖ ከተማ የተወለደችው ኖራ ራቲ ናት። ስለ እሷ ግን የተዛባ ወሬ አይጠፋም።

«ወርቅ የላትም፣ ታዲያ ምኗ ይወራል?»

የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎቿ ሁለት ነሐስ ናቸው፤ ቫንኩቨር 2010 እና ፒዮንግቻንግ 2018። ግን በረኛ በሜዳሊያ ቀለም አይለካም። በኅዳር 2013 ፊንላንድ አሜሪካን 3 ለ 1 ስትረታ ኖራ 58 ሙከራ አድናለች። በአንድ ጨዋታ! በእግር ኳስ አስር ያዳነ በረኛ ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል።

ዋንጫ አላየችም ማለትም ውሸት ነው። ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2012 እና በ2013 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆናለች። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑ 41 ተጫውቶ 41ዱንም አሸንፏል።

«ቱሪን ላይ ልጅ ስለነበረች ተቀምጣ ነው ያየችው»

በ2006ቱ የቱሪን ኦሎምፒክ ገና 16 ዓመቷ ነበር። ግን ጎሉ ላይ ቆማለች።

«የሴቶቹ ጎል ትንሽ ነው»

አይደለም። ስፋቱ 183፣ ቁመቱ 122 ሴንቲ ሜትር፣ ልክ እንደ ወንዶቹ። በዱላ የሚመታውም ያው ከጥቁር ጎማ የተሠራ ክብ ዝርግ ነገር ነው። ልዩነቱ ተጋጣሚን በአካል ገጭቶ መጣል በሴቶቹ ዓለም አቀፍ ውድድር መከልከሉ ነው።

«በ2014 ጡረታ ወጥታ ነበር»

ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ፊንላንድ በሶቺ ኦሎምፒክ አምስተኛ ስትወጣ ኖራ ደመወዝ የሚከፍል የሴቶች ሊግ ካልመጣ ከሴቶች ጋር መጫወት እንደሚበቃት ተናገረች። ከዚያ ቤቷ አልተቀመጠችም። በፊንላንድ የወንዶች ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ሜስቲስ በሚባለው፣ ለኪየኮ ቫንታ ፈረመች። ቁመቷ 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍጥነቱ በጨመረ ምት ፊት ጎሉን መሸፈን ቀላል አይደለም። ለታይታ ነው ያሏት ነበሩ። እኔ ግን የሥራ ጥያቄ እንጂ ታይታ አይታየኝም። በ2017 ፕሊመዝ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፊንላንድ ካናዳን 4 ለ 3 ስታሸንፍ ጎሉ ላይ እሷ ነበረች። በዚያው ዓመት ለቻይናው ኩንሉን ሬድ ስታር ፈረመች፤ ቡድኑ የሚጫወትበት የካናዳ ሊግ ግን በ2019 ተዘጋ።

«በ2019 ፍጻሜ ተሸነፉ፣ አለቀ»

የዓለም ሻምፒዮናው የነበረው በተወለደችበት ኤስፖ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ካናዳን 4 ለ 2 አሸነፉ። ከካናዳና ከአሜሪካ ውጪ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ከአሜሪካ ጋር 1 ለ 1 ሆኖ ወደ ጭማሪ ሰዓት ተሄደ። ፔትራ ኒየሚነን አስቆጠረች። ፊንላንዶች ጓንታቸውን ወርውረው ተቃቀፉ፤ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ዳኞቹ ወደ ቪዲዮ ሄዱ። የአሜሪካዋ በረኛ ተነክታለች ተብሎ ጎሉ ተሻረ። ከዚያ በመለያ ምት አሜሪካ አሸነፈች። ኖራ 50 አድና ብር ይዛ ወጣች፤ የውድድሩ ምርጥ በረኛም ተባለች። ውሳኔው እስካሁን አልተዋጠልኝም።

«ቤጂንግ 2022 የቀረችው ጫማ ሰቅላ ነው»

አልሰቀለችም። አሰልጣኙ ፓሲ ሙስቶነን አልመረጧትም። ፊንላንድ በአኒ ኬይሳላ በረኝነት ነሐስ ስታገኝ «አየህ፣ አላስፈለገችም» ተባለ። የኬይሳላ ብቃት ግን የኖራን መቅረት ትክክል አያደርገውም፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።